ጋሽ ኪራኮስ የቀመሱልኝ ጥቁር ቢራ

ጋሽ ኪራኮስን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በጀርባቸው ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ላይ በነበረ አንድ የቤልጂየም ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን አጣቢ ነበሩ። ማጠቢያው ግድግዳ ተጠግቶ ስለተሠራ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ወደ ግድግዳው፣ ጀርባቸው ወደ እኛ ነው። የተቆለለ ሳህን ተሸክሜ በሩን በክርኔ ገፍቼ ስገባ ዞር ሳይሉ «ቀስ በይ ጸዲ፣ ወለሉ ርጥብ ነው» ይሉኛል። እንዴት እንደሚለዩኝ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «የፀጉር ቅባትሽ ነዋ» አሉኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ሙሉ በባቡር ተጉዤ፣ በሽንኩርትና በቅቤ ጢስ መሐል ውዬ፣ የፀጉሬ ቅባት ለራሴ እንኳ አይሸተኝም ነበር።

ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸው ነው። ማመስገን አይሆንልኝም፤ ታላቅ እህቴ ውባንቺ «አንቺ እኮ ስታመሰግኚ ክስ የምታቀርቢ ነው የሚመስለው» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ብዙ ሰው አመስግኛለሁ፤ አብዛኛውን ግን ወግ ስለሆነ ብቻ ነው። የጋሽ ኪራኮስ ሌላ ነው። እሳቸውን በደንብ ሳላመሰግን ይኸው ሦስት ዓመት አለፈኝ፣ ነገሩም እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

በፈረንጆቹ 1996 ነው። እሳቸው ሃምሳ ሁለት፣ እኔ ሃያ አራት ዓመታችን ነበር።

ሰውየው የደሴ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ እታለማሁ አራዳ ሰፈር ጠላ ጠምቀው እየሸጡ ስድስት ልጅ አሳድገዋል። ጋሽ ኪራኮስ የመጨረሻው ልጅ ስለነበሩ ከእናታቸው ጓዳ ሳይወጡ አደጉ፤ ለጠላው የሚቆላው ገብስ ቀለሙ ሲደርስ «በቃ» የሚሉት፣ ጌሾው በዝቶ እንደሆነ ቀምሰው የሚፈርዱት እሳቸው ነበሩ። ለእንግዳ የሚቀዱትም እሳቸው ናቸው። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ መቅመስ አለበት፤ የምሰጥህ ነገር ክፉ አይደለም ማለት ነው። «እኔ ፊደል ሳልቆጥር መዳፌን አንብቤአለሁ» ይሉ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ፣ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፣ ከሱዳን አሜሪካ። ዋሽንግተን ታክሲ መንዳታቸውን ይናገራሉ። ከታክሲው እስከ ሳህን ማጠቢያው ያለውን ዘመን ግን ዝም ብለው ይዘሉታል፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ወጥ ቤት ውስጥ አፍንጫቸው ዕረፍት የለውም። አንድ ጊዜ ከማጠቢያው ሳይንቀሳቀሱ «ያ ክሬም ለነገ አይደርስም» ብለው ተናገሩ። ሼፉ ሳቀ፤ በማግሥቱ ክሬሙ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ሼፉ ራሱ ቅቤውንም ዓሣውንም እያመጣ አፍንጫቸው ሥር ይደቅን ጀመር። እሳቸው እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ አሽትተው ጭንቅላታቸውን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወደ ጎን ከሆነ ዕቃው ይጣላል።

እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ጋሽ ኪራኮስ የማርያም ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ። በሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። ረቡዕና ዓርብ የእሳቸውን ድንች ያለ ቅቤ ለይቼ አስቀምጥላቸዋለሁ፤ እሳቸውም እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በምጸልይበት ሰዓት ሳህን አያንኳኩም። ስጠመቅ መጠጥ በአፌ እንዳይገባ ቃል ገብቻለሁ። ቃሉን ለመግባት ሰባኪ አላስፈለገኝም፤ አባቴ በአረቄ ነው የሞተው። ማታ ማታ እየደገፍን የምናስገባው እኔና ውባንቺ ነበርን።

አስተናጋጅ ከሆንኩ ገና ሁለት ወር ነበር። ከዚያ በፊት ሳህን አንሺ ነበርኩ፣ የሳህን አንሺ ፈረቃ ደግሞ ቀን ነው። አስተናጋጅ ሆኜ የምሽቱን ፈረቃ ሳገኝ ቀኑ ባዶ ሆነልኝና ሜሪላንድ ኮሌጅ ገብቼ ነርሲንግ ጀመርኩ። ወደ ሳህን ማንሳቱ ብመለስ ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ይህንን ጠዋት ስነሳም ማታ ስተኛም አስበው ነበር።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ማዳም ኦዴት ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ቤልጂየማዊት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ አንድ ሕግ ግን ነበራት፣ ለእሷ ከአሥርቱ ትእዛዛት አያንስም። ያልቀመሰ አይሸጥም። ከእኔ በፊት የነበረች አንዲት ሞሮኳዊት «እኔ አልጠጣም» ብላ በማግሥቱ ወደ ቀን ፈረቃ መመለሷን ሰምቻለሁ። ስለዚህ የቀመስኩ አስመስዬ፣ የወይኑን ጣዕም በቃሌ አጥንቼ ስሸጥ ቆይቼ ነበር።

አንድ ሰኞ ማዳም አምስታችንን አስተናጋጆች ሰብስባ በየእጃችን አንድ አንድ ጠርሙስ አስያዘችን። አገሯ ገዳም ውስጥ መነኮሳት የሚጠምቁት፣ ጥቁር፣ እንደ ወይን የሚያሰክር ቢራ ነው። «በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳችሁ እፊቴ ትቀምሱታላችሁ፣ የቀመሳችሁትን ትነግሩኛላችሁ» አለች። «ጣፋጭ ነው፣ ጥሩ ነው የሚል መልስ አልፈልግም። መናገር ያቃተው እስኪችል ድረስ ሳህን ያነሣል።» ይህን ስትል እኔን አላየችም፤ ለእኔ ግን ስሜን የጠራች ያህል ነበር።

ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባሁ። የት እንደምደብቀው ስለጨነቀኝ የጫማ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ውባንቺ ደግሞ በማግሥቱ ጫማዬን ልትዋስ ሣጥኑን ከፈተች። ከኮሌጅ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሥራ ነው» አልኳት።

«የአባባም የሥራ ነበር» አለችኝ።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ደፋችው፣ ውሃ ለቀቀችበት፣ እዚያው ቆማ ጸለየችልኝ። ከዚያ ጠርሙሱን ለሪሳይክል ለይታ አስቀመጠችው፤ ውባንቺ ንጹሕ ሰው ናት። እኔ ጠርሙሱን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ለማዳም ጠጥቼዋለሁ ለማለት ይሆናል።

በማግሥቱ ሥራ ሳይጀመር ማጠቢያው ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ምን የነበረ ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

እጃቸውን አደራርቀው ጠርሙሱን ወደ መብራቱ አነሡት። ውባንቺ ስትደፋው ከሥሩ ጥቂት ጭቃ መሳይ ነገር ቀርቶ ነበር። «አተላ አለው» አሉ። «ያላጠሩት ጠፍቷቸው አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባም በኋላ እየሠራ እንዲቆይ ፈልገው ነው።» ከዚያ የጠርሙሱን አፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «ዘቢብ» አሉ። «የተቃጠለ ስኳር። ሌላም አለ፣ ግን ደርቋል። ይህን የጠመቀ ሰው አይቸኩልም።»

«መነኮሳት ናቸው።»

«ታዲያስ፤ ከመነኩሴ ሌላ ማን ጊዜ አለው?»

ያን ጊዜ ችግሬን ዘርግፌ ነገርኳቸው። ቃሌን፣ ፈረቃውን፣ ኮሌጁን፣ የሰኞውን ፈተና። «ምላስዎን ያውሱኝ ጋሼ» አልኳቸው። «እርስዎ ይቅመሱና ይንገሩኝ፣ እኔ እሸመድደዋለሁ።» ሦስት ሳህን አጠቡ። አራተኛውን ሲያነሡ «ሙሉ ጠርሙስ አምጪ» አሉኝ።

ሙሉውን ያገኘሁት ከጆኒ ነው። ጆኒ አብሮኝ የሚያስተናግድ፣ በአራት ዓመቱ መጥቶ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ያደገ ልጅ ነው። «ቴክ ኢት» አለኝ፣ «ቢራ እኮ ነው፣ ምን ስተዲ ይደረጋል?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሼፉ ለሲጋራ በወጣበት፣ ጋሽ ኪራኮስ አንድ ብርጭቆ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው በአየር አደረቁት። በጨርቅ አልነኩትም። ብርጭቆውን አጋድመው ቀስ ብለው ቀዱ፣ ጠርሙሱ ሥር ጣት የሚያህል ሲቀር አቆሙ። ቢራው ከሩቅ ጥቁር ነው፤ መስኮቱ ጋ ሲይዙት ግን ጠርዙ ላይ ቀይ አለው። አረፋው የማኪያቶ ቀለም ያለው፣ ወፍራም፣ ቶሎ የማይሟሽሽ ነው። ከብርጭቆው ላይ ይጠጣሉ ብዬ ስጠብቅ ግራ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ጥቂት ጠብ አደረጉበትና ከዚያ ላይ መጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዞር ብለው ማጠቢያው ውስጥ ተፉት፣ አፋቸውን በውሃ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። ማዳም ኦዴትም ወይን ስትቀምስ ስለምትተፋ የባለሙያ ወግ መሰለኝ።

«ጻፊ» አሉኝ። የትእዛዝ መቀበያ ደብተሬን አወጣሁ።

«መጀመሪያ ከንፈር ላይ ይጣፍጣል። የማር ጣፋጭነት አይደለም፤ የዘቢብ፣ የደረቀ በለስ፣ ወጥ ውስጥ የቆየ ፕሪም ነው። ወዲያው ደግሞ ከምላስ ጎንና ጎን የተቆላ ገብስ ይመጣል። ይህን በደንብ ጻፊ። ሊያር ሲል፣ ገና ሳያር የወጣ ገብስ ነው። እናቴ አሻሮ ስትቆላ አንዲት ትንፋሽ ያህል ከቆየች ያራል፣ ቀድማ ካወጣችው ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። እነዚህ ሰዎች ያቺን ትንፋሽ ያውቋታል።» እንደገና ከመዳፋቸው ቀመሱ፣ እንደገና ተፉ። «ቅርንፉድ አለው። አልጨመሩበትም፣ እርሾው ራሱ ነው ያመጣው። ጥቂት ሙዝ፣ በጣም የበሰለ። የዳቦ ቅርፊት። መጨረሻ ላይ መራራው ይመጣል፣ ግን እንደ ጌሾ ምላስ ላይ አይንተራስም፤ ጣፋጩን ጠርጎ ይሄዳል።»

«ጠንካራ ነው ይላሉ፤ ጥንካሬውስ?»

«አያሳይም» አሉ፣ ብርጭቆውን ከራሳቸው ራቅ አድርገው እያስቀመጡ። «ተንኮሉ እሱ ነው። አንደኛ ደረጃ ሥራ ነው፣ ጸዲ። እጃቸው ይባረክ።»

እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ትከሻቸው ቀና ብሎ፣ ፊታቸው ወደ እኔ ዞሮ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጋን እጥበት ሲያወሩ ደወል ተደወለ፣ ሥራ ጀመርን። አራት ገጽ ጽፌ ነበር። ባቡር ውስጥ እንደ መዝሙር እያንጎራጎርኩ አጠናሁት።

ቅዳሜ ጠረጴዛ ስናነጥፍ ለጆኒ ደስ ብሎኝ ነገርኩት። ሹካውን ከእጁ ጣለው።

«ጋሽ ኪራኮስ? አር ዩ ክሬዚ? ሰውየው እኮ ሶበር ናቸው፣ ሲክስ ይርስ! በየረቡዑ ላንድማርክ ሚቲንግ ድራይቭ የሚያደርጋቸው ፋዘሬ ነው።»

ሚቲንግ ያለው መጠጥ የተዉ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ነው። ከጆኒ አፍ የሰማሁት ያ ጋሽ ኪራኮስ የሚዘሉት ዘመን ነበር። ታክሲያቸውን ሰክረው ሀይዌይ ላይ ገልብጠዋል። ሐኪም ጉበትዎ ሌላ ብርጭቆ አይችልም ብሏቸዋል። ሚስታቸው ልጃቸውን ሔራንን ይዛ ፌርፋክስ ሄዳ አራት ዓመት አላሳየቻቸውም። አሁን እሑድ እሑድ አባትና ልጅ ይገናኛሉ፤ አንድ ጊዜ ጠጥተው ከተገኙ ግን እሑድ የሚባል ነገር የለም። ማዳም ኦዴት ይህን አታውቅም። መጠጥ በሚሸጥ ቤት የመጠጥ ችግር ያለበትን ማን ይቀጥራል ብለው ሲገቡ ደብቀዋል።

አባቴን እየደገፍኩ ያሳደገኝ አምላክ፣ የሌላ ሰው አባት መዳፍ ላይ መጠጥ እንዳስቀምጥ ለምን ተወኝ ብዬ ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ የምቆጣው የበደልኩትን ሰው ነው። ማጠቢያው ጋ ሄጄ ጮህኩባቸው።

«ለምን አልነገሩኝም? ልጅ መሰልኩዎት? አንድ ነገር ቢሆኑ በእኔ አንገት አይደለም?»

ውሃውን ዘጉት። «ማን ነገረሽ?» አሉ። ከዚያ መልሱን ሳይጠብቁ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ እየጠረጉ እንዲህ አሉኝ። «መጠጡን ተውኩ እንጂ እውቀቴን አልተውኩም፣ ጸዲ። ስድስት ዓመት ሰው ቤት ስገባ ጠርሙስ ይደብቁብኛል። ልክ ናቸው፣ አልቀየምም። ግን ኪራኮስ ይህ ነገር ምን ይመስልሃል ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናቴ ያስተማረችኝ ሁሉ እንደ ወንጀል አብሮ ተደበቀ። አንቺ ጠየቅሽኝ። አፌ ድረስ ይመጣል፣ ከአፌ አያልፍም፤ እዚያ ድረስ ራሴን አምናለሁ።»

«ከአፍዎ ካለፈስ?»

«አንዲት ጉንጭ ከወረደች አላቆምም» አሉ። «ያን ጊዜ በእኔ አትተማመኚ።»

ከሐሙስ ጠርሙሱ ሥር የቀረውን ቢራ እፊታቸው ደፋሁት። ጠርሙሱን ተቀብለው አጠቡት።

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በመጋረጃው ገብታ፣ አምስታችን ባንኮኒው ፊት ቆምን። ጋሽ ኪራኮስ ሰኞ ሰኞ ድስትና ምድጃ ስለሚፈትጉ ጓዳ ነበሩ፤ የፍቅፍቅታው ድምፅ ይሰማናል። ማዳም ዋንጫ መሳይ፣ እግር ያላቸው ሰፋፊ ብርጭቆዎች ደርድራ ቀዳች። ጆኒ ግጥም አድርጎ ጠጥቶ «ስዊት... ስትሮንግ... ሪሊ ናይስ» አለ። ማዳም ጣሪያውን አየች፣ ግን ጆኒ ድንጋይም መሸጥ የሚችል ልጅ ስለሆነ አሳለፈችው።

የእኔ ተራ መጨረሻ ነበር። አሸተትኩ፣ ከንፈሬን አስነካሁና በናፕኪን ጠረግሁት። ከዚያ ያጠናሁትን ማለት ጀመርኩ። ስለ ጠርዙ ቅላት፣ ስለ ዘቢቡና በለሱ፣ እርሾው ስላመጣው ቅርንፉድ፣ ጣፋጩን ጠርጎ ስለሚሄደው መራራ። ሊያር ሲል ገና ሳያር ስለወጣው ገብስ ስናገር ማዳም መነጽሯን አወለቀች። ስጨርስ ያልጎደለ ብርጭቆዬን አየችው።

«አልዋጥሽውም» አለችኝ።

«አልጠጣም» አልኩ። «ቃል አለብኝ።»

«ታዲያ ይህን ማን ነገረሽ? ዘቢብ ዘቢብ የሚል ሰው ሞልቷል። ስለ ገብሱ እንዲህ ሲባል የሰማሁት አጎቴ ብቅል ቤት ይሠራ በነበረ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።»

መጽሐፍ ላይ አነበብኩ ማለት እችል ነበር። እዚያ ቆሜ ግን የሰውየው ቀና ያለ ትከሻ ትዝ አለኝ። የእሳቸውን ምላስ የራሴ አስመስዬ ብወጣ፣ ፈተናውን አልፌ ሰውነቴን የጣልኩ መሰለኝ። ላመሰግናቸው ፈለግሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት፣ በስማቸው።

«ጋሽ ኪራኮስ ናቸው» አልኩ። «ሳህን የሚያጥቡት።»

ማዳም ሳቀች፣ በደስታ። ወደ ጓዳው እየሮጠች ሄዳ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው፤ ሽርጣቸው እስከ ደረታቸው ርጥብ ነው፣ እጃቸው ላይ አረፋ አለ። እኛ መሐል አቆመቻቸው። ከዚያ አዲስ ጠርሙስ ከፍታ ትልቁን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ለራሷም ቀዳች። «ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ» አለች። «ለዚህ ሰው እንጠጣለን። እሱ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም።»

የሠራሁትን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ኪራኮስ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ተቀብለዋል፤ ትልቅ ሴት ቀድታ ስትሰጥ አልፈልግም ማለት ሳይማሩ ያደጉ ሰው ናቸው። አልጠጣም ቢሉ ለምን ትላለች። ለምን ስትል እውነቱ ይወጣል፤ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ እንደዚያ በተከበሩበት ደቂቃ። ዓይናቸው ቢራው ላይ ነው። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ።

ሁለት እርምጃ ሄጄ ዋንጫውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«በእኛ አገር» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ «ተማሪ ፈተና ሲያልፍ ለአስተማሪው የተቀዳውን ተማሪው ነው የሚጠጣው። አስተማሪው ከቀመሰ ነውር ነው።»

እንዲህ ያለ ባህል በኢትዮጵያ ምድር የለም። ማዳም ወደ ጆኒ ዞረች። ጆኒ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ቬሪ ኦልድ ትራዲሽን» አለ። እግዚአብሔር ይባርከው።

ጠጣሁት። ቃሌ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። የእኔ ቃል ከእግዚአብሔር ጋር ነው፣ እሱ ይቅር ይላል። የእሳቸው ከጉበታቸው ጋር ነበር። ከንፈሬ ላይ ዘቢቡ መጣ፤ በለሱ መጣ፤ ከምላሴ ጎንና ጎን ያ ገብስ፣ በቆላችው ሴት እጅ ያለ ይመስል፣ ልክ በሰዓቱ መጣ። ቅርንፉዱም ነበረ፣ የዳቦው ቅርፊትም። አንድ ቃል አልሳቱም። በምስጋና ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሌሎቹ ጥንካሬው ነው ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወረደ። ከጉሮሮዬ በታች ያለውን ጋሽ ኪራኮስ አልነገሩኝም ነበር። ደረቴ ውስጥ ቀስ ብሎ ሙቀት ተከፈተ፣ ወደ ትከሻዬ ሄደ፣ ወደ ክንዴ ወረደ፤ ብርድ ላይ ለቆመ ሰው ጋቢ እንደ ደረቡለት ያለ ነው። ስለ ፈረቃው፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ሁሉም የነበረኝ ጭንቀት ለጊዜው ፈታ አለ። አባቴ ለምን ይመለስ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። በጣም ፈራሁ፣ ምክንያቱም ደስ ይል ነበር።

ዋንጫውን ባዶውን አስቀመጥኩ። ማዳም ኦዴት እኔን አየች፣ ጋሽ ኪራኮስን አየች፣ ባዶ እጃቸውን አየች። ምን እንደገባት አልተናገረችም። «ነገ ከስድስት እስከ አሥር ያሉት ጠረጴዛዎች የአንቺ ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሠራተኛው ሁሉ ብርጭቆ በሚያነሣበት ቀን፣ ለጋሽ ኪራኮስ በዚያው ዋንጫ የፖም ጭማቂ ተቀድቶ ይቀርብላቸው ነበር፣ ቃል ሳይወጣ። አዲስ ጠርሙስ ሲመጣም ጓዳ ይዛ ገብታ ታስሸትታቸዋለች። እሷንም አመሰግናታለሁ። እኔ ባለፈው ጸደይ ነርሲንጉን ጨረስኩ፤ እሳቸው ዘጠነኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ሔራን አሁን እሑድን አትጠብቅም፣ ባሻት ቀን ትመጣለች። ውባንቺ ስለ ዋንጫው የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው።

ያን ሰኞ ግን ቀጥ ብዬ መሄድ አልቻልኩም። ጋሽ ኪራኮስ ቦርሳዬን ይዘው፣ ክንዴን ደግፈው ኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ ድረስ አደረሱኝ። የእሳቸውም አውቶቡስ የሚነሣው ከዚያ ነው። አግዳሚው ላይ አስቀምጠውኝ ዳቦ ገዝተው አመጡ፣ እየቆረሱ አበሉኝ። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ሰው ያልፋል ያገድማል።

«ገብሱን አገኘሽው?» አሉኝ።

«አገኘሁት። ሁሉም እርስዎ እንዳሉት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱን እያዩ ቆዩ። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሲወርድስ?» አሉኝ።

ጉንጬ እንደ ፍም ቀልቷል፣ ሙቀቱ ገና ደረቴ ላይ አለ፣ ዓይኔ በራሱ ይስቃል።

«ምንም የለውም ጋሼ» አልኳቸው። «ያሉኝ ሁሉ አፍ ላይ ነው ያለቀው።»

ዞረው ፊቴን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። የላንድማርኩ አውቶቡስ መጣና ተሳፈሩ።